ሁለተኛ መልስ የሌለው ጥያቄ፦ ለቴሌቪዥን የጠቅላላ ዕውቀት ውድድር የጥያቄ አዘገጃጀት

«ከጣና ሐይቅ የሚወጣው ወንዝ ማን ይባላል?» ባሕር ዳር ላይ ይህን የማይመልስ ልጅ አይገኝም፤ ዓባይ ነው። ግን ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ የሐይቁ ውኃ በዋሻ ተስቦ፣ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለውን የጣና በለስ ጣቢያ አንቀሳቅሶ ወደ በለስ ወንዝም ይገባል። አንድ ተወዳዳሪ «በለስ» ብሎ ቢከራከር ዳኛው የሚይዘው የሚጨብጠው ያጣል። ጥያቄው ውስጥ «በተፈጥሮ» የምትል አንዲት ቃል ብትገባ ኖሮ ክርክሩ አይነሳም ነበር።

የጥያቄ አዘጋጅ ሥራ አብዛኛው ይኸው ነው። መልሱን ማወቅ ቀላሉ ነው፤ የሚያደክመው ሌሎቹን በሮች አንድ በአንድ መዝጋት ነው። ይህ መመሪያ ለቴሌቪዥን ውድድር ጥያቄ ለሚያዘጋጁ ሰዎች የተጻፈ ነው፤ የትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያም ሊጠቀምበት ይችላል። ምሳሌዎቹ በብዛት ከጣና ዙሪያ ናቸው፤ ባሕር ዳር የሚቀረጽ ፕሮግራም ከደጁ ጥያቄ መውሰዱ አይቀርምና።

1. መጀመሪያ ሒሳቡን ሥሩ

ብዙ አዘጋጅ ጥያቄ መሰብሰብ የሚጀምረው ስንት እንደሚያስፈልገው ሳያውቅ ነው። አራት ተወዳዳሪዎች ያሉትን የ45 ደቂቃ ፕሮግራም እንውሰድ።

የመጀመሪያው ዙር ምርጫ ያለው ሲሆን ለእያንዳንዱ 5፣ በድምሩ 20 ጥያቄ ይወስዳል። ማንበቡ፣ ማሰቢያው፣ መልሱና የአቅራቢው አስተያየት ተደምሮ አንዱ ጥያቄ 35 ሴኮንድ ይፈጃል፤ ዙሩ 12 ደቂቃ ገደማ ነው። የደወል ዙር 12 ጥያቄ በ30 ሴኮንድ ሲሰላ 6 ደቂቃ ነው። አራት የሥዕል ጥያቄዎች 3 ደቂቃ ይሆናሉ። የ60 ሴኮንዱ የፍጥነት ዙር ከመግቢያና ከመውጫው ጋር ለአራቱም 8 ደቂቃ ይወስዳል። ድምሩ 29 ደቂቃ ነው። የቀረው 16 ደቂቃ ለትውውቅ፣ ለነጥብ ማሳወቂያና ለማስታወቂያ ይሄዳል።

በፍጥነት ዙር አንድ ሰው በ60 ሴኮንድ 7 ወይም 8 ጥያቄ ቢያዳርስ ጎበዝ ነው። ቢሆንም ለእያንዳንዱ 10 አዘጋጁ፤ 40 ይሆናል። 5 መለያ ጥያቄዎችና 10 መጠባበቂያ ሲጨመሩ የአንድ ሳምንት ፍላጎት 91 ጥያቄ ነው፤ ለ13 ሳምንት 1,183። አንድ ሰው በቀን ከ15 በላይ የተጣራ ጥያቄ እጽፋለሁ ካለ አትመኑት። ሁለት ጸሐፊዎች በቀን 30 ቢያወጡ የ40 የሥራ ቀን ሥራ ነው። ቀረጻው ሊጀመር ሁለት ሳምንት ሲቀረው የተጀመረ ዝግጅት መጨረሻው ከኢንተርኔት መገልበጥ ነው፤ ስሕተቱ የሚገባው ያኔ ነው።

ከ91ዱ ውስጥ ስለ ባሕር ዳርና ስለ ጣና የሚጠይቁት ከ12 ባይበልጡ ይሻላል። ከደሴ ወይም ከደብረ ማርቆስ የመጣ ተወዳዳሪ በጓሮ ጥያቄ ሊሸነፍ አይገባም።

2. ከመልሱ ተነሱ

ርዕስ ይዞ ጥያቄ ማሰብ ቀኑን ይበላዋል። ይልቅስ መጀመሪያ መልሱን ምረጡ፤ የሚታወቅ ስም፣ ቦታ፣ ዕቃ ይሁን። ከዚያ ወደ እሱ ብቻ የሚወስድ መንገድ ሥሩ። ለምሳሌ መልሳችን ግሽ ዓባይ ነው እንበል።

«እ.ኤ.አ. በ1618 ፔድሮ ፓኤዝ፣ በ1770 ጄምስ ብሩስ የጎበኙት፣ ሰከላ የሚገኘው የግልገል ዓባይ መነሻ ምንጭ ምን ይባላል?»

ይህ ለደወል ዙር የተሠራ ነው፤ ጠቃሚው ነገር አቀማመጡ ነው። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ስለሚያስቀምጥ ምን እንደተጠየቀ የሚለየው በመጨረሻዎቹ ሁለት ቃላት ነው። «ጄምስ ብሩስ» የሚለውን እንደሰማ ደወሉን የሚጫን ሰው የተጠየቀው ሰው ይሁን ቦታ ገና አያውቅም። ስለዚህ ፍንጮቹን ከከባዱ ወደ ቀላሉ ደርድሩ። ፓኤዝን የሚያውቅ ቀድሞ ይደፍራል፤ ሰከላን ብቻ የሚያውቅም እስከ መጨረሻው ጠብቆ ዕድል ያገኛል። ተቃራኒው፣ ማለትም «የግልገል ዓባይ መነሻ የሆነው…» ብሎ መጀመር፣ ዙሩን የዕውቀት ሳይሆን የጣት ፍጥነት ውድድር ያደርገዋል።

በነገራችን ላይ «ግሽ ዓባይን መጀመሪያ ያየው አውሮፓዊ ማን ነው?» ብላችሁ መልሱን ብሩስ ያላችሁ እንደሆነ ተሳስታችኋል። ብሩስ ቀዳሚነቱን ለራሱ ቢወስድም ፓኤዝ ከ150 ዓመት በላይ ቀድሞታል።

ርዝመቱን በተመለከተ ጥያቄው ከ20 ቃል አይብለጥ፤ ለፍጥነት ዙር ከ7። «የካናዳ ዋና ከተማ?» ብሎ መጠየቅ በቂ ነው። ነገር ግን ለፍጥነት ዙር የምትመርጡት መልስ ማብራሪያ የማይፈልግ ይሁን። ደቡብ አፍሪካ ፕሪቶሪያ፣ ኬፕ ታውንና ብሉምፎንቴን የሚባሉ ሦስት ዋና ከተሞች አሏት፤ በብሩንዲ የፖለቲካ መዲናዋ ጊቴጋ ስትሆን ብዙ ሰው ግን ቡጁምቡራ ይላል። እነዚህ ሰዓት እየቆጠረ አይጠየቁም።

3. ቋንቋው መልሱን እንዳያወጣው

የአማርኛ ግስ ጾታ አለው። «ያሸነፈችው አትሌት» ካላችሁ ግማሹን ዓለም አስወጥታችኋል። «ያሸነፈው አትሌት ማን ነው?» ብላችሁ መልሱ ሴት ከሆነች ደግሞ አሳስታችኋል፤ ተሸናፊው ቢያማርር እውነት አለው። መውጫው ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው በአክብሮት መልክ መጻፍ ነው፤ «በደቅ ደሴት ላይ ናርጋ ሥላሴን ያሠሩት ማን ናቸው?» ሲባል እቴጌ ምንትዋብ መሆናቸው አይገለጥም፤ ተወዳዳሪው ንጉሥ ፍለጋ ሊሄድ ይችላል፣ ያ የራሱ ጉዳይ ነው። ሁለተኛው ድርጊቱን በስም መጥራት ነው፤ «የ… አሸናፊ ስም?»። ሦስተኛው ጾታውን አውቆ መስጠት ነው፤ ጥያቄው በሌላ በኩል ከባድ ከሆነ ጉዳት የለውም።

«የመጀመሪያ» የሚለው ቃል ለብቻው ክፍል ይገባው ነበር። «በኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ማን ናት?» ቢባል ብዙ ኢትዮጵያዊ ደራርቱ ቱሉ ይላል። የሞሮኮዋ ናዋል ኤል ሙታዋኬል ግን እ.ኤ.አ. በ1984 ሎስ አንጀለስ ላይ በ400 ሜትር መሰናክል ወርቅ ወስዳለች፤ ከእሷም በፊት በ1952 ሄልሲንኪ ላይ ደቡብ አፍሪካውያን ሴቶች ወርቅ አግኝተዋል። የደራርቱ የ1992 የባርሴሎና ድል የሚገለጸው «የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት» በሚል ነው። «የመጀመሪያ»፣ «ትልቁ»፣ «ረጅሙ»፣ «ብቸኛው» የሚሉ ቃላት ባሉበት ጥያቄ ሁሉ ላይ ቀይ ምልክት አድርጉና ሦስት ነገር ጠይቁ፦ በየት ውስጥ? ከመቼ ጀምሮ? በምን መለኪያ? «የዓለም ረጅሙ ወንዝ» ሲባል ናይልና አማዞን አሁንም ያከራክራሉ፤ «የአፍሪካ ረጅሙ» ሲባል ክርክር የለም።

4. ዘመን አቆጣጠር፣ ብዙው ጥያቄ የሚሰናከልበት

እያንዳንዱ ዓመት ያለበት ጥያቄ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ሊኖረው ግድ ነው፤ አቅራቢውም ጮክ ብሎ ያነበዋል። ከዚህ አልፎ ግን ቅያሪው ራሱ ያሳስታል። ልዩነቱ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ዓመት ነው፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜ መጨረሻ 8። ሉሲ የተገኘችው ኖቬምበር 24 ቀን 1974 ነው፤ 7 ቀንሰን ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. እንላለን። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው ሜይ 25 ቀን 1963 ነው፤ 8 ቀንሰን ግንቦት 17 ቀን 1955።

ወጥመዱ ሴፕቴምበር ነው፤ የወሩ መጀመሪያ በአሮጌው ዓመት፣ ቀሪው በአዲሱ ይውላል። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ነበር። በችኮላ 7 የቀነሰ ሰው 1953 ይላል። ቀኑ ግን ጳጉሜ 5 ነበር፤ ዓመቱ 1952 ዓ.ም. ነው፣ አዲስ ዓመት የገባው በማግሥቱ ነው። የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ምረቃም እንዲሁ ነው፤ ሴፕቴምበር 9 ቀን 2025፣ በእኛ ጳጉሜ 4 ቀን 2017። የሴፕቴምበርን ጥያቄ ያለ ቀን አትጻፉ።

ጳጉሜ ራሷ ጥያቄ ስትሆን ታስቸግራለች። «ጳጉሜ ስንት ቀን አላት?» 5ም 6ም ትክክል ነው። «ዘመነ ሉቃስ ሲፈጸም ጳጉሜ ስንት ቀን ትሆናለች?» ካላችሁ 6 ብቻ ነው፤ ጥያቄውም ውበት ያገኛል።

ሰዓትም እንደዚሁ ነው። በሌላ አገር ስለሆነ ነገር ሰዓት የምትጠይቁ ከሆነ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጻፉ፤ ካልሆነ ተዉት።

5. አጣሩ

መርሑ ሁለት ነጻ ምንጭ ነው። «ነጻ» ማለት አንዱ ከሌላው ያልገለበጠ ማለት ነው፤ አምስት ድረ ገጽ አንድ ስሕተት ሲቀባበል አምስት ምንጭ አይሆንም። ምንጩን በገጽ ቁጥሩ ካርዱ ላይ አስፍሩ። «የሆነ ቦታ አንብቤዋለሁ» ማለት አይሠራም።

ስለ ጣና በተደጋጋሚ የሚሳሳቱት ነገሮች እነዚህ ናቸው። ጣና በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ እንዳለ አድርገው የሚጠይቁ አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የተመዘገበው ግን በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ነው። ሁለቱ የተለያዩ መዝገቦች ናቸው። ጎንደር ያለው የፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ጣና በዚያ መዝገብ የለም። የደሴቶቹ ብዛት 37 ነው ይባላል፤ ሆኖም ውኃው ሲጎድልና ሲሞላ ደሴት የነበረው የብስ ይሆናል፣ ስለዚህ ቁጥሩን ሳይሆን ትልቁን ጠይቁ፤ ደቅ ነው። ስፋቱ እንደ ወቅቱና እንደ መጽሐፉ ከ3,000 እስከ 3,600 ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ጥልቀቱ ግን ጥሩ ጥያቄ ይወጣዋል፤ ብዙ ሰው ጣናን ጥልቅ ያደርገዋል፣ ጥልቁ ቦታ ግን 15 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ምርጫዎቹን 15፣ 60፣ 120 እና 240 ብታደርጓቸው የአንድ ሜትር ልዩነት ማንንም አያከራክርም።

ቁጥር ሲያወዛግብ መውጫው ሁልጊዜ ይኸው ነው፤ ወይ ምርጫዎቹን አራርቁ፣ ወይ ቁጥሩን ትታችሁ ስሙን ጠይቁ። የራስ ዳሸን ከፍታ በአንዱ መጽሐፍ 4,533፣ በሌላው 4,550፣ በድሮው 4,620 ሜትር ነው። የኢትዮጵያ ከፍተኛ ተራራ ማን እንደሆነ ግን ሁሉም ይስማማሉ።

የሚበላሽ ዕውቀትም አለ፤ እንደ ወተት ቀን ይለጠፍበት። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ 9 የነበሩት ክልሎች በ2015 መጨረሻ 12 ሆነዋል። የካዛክስታን መዲና እ.ኤ.አ. በ2019 ኑር ሱልጣን ተብላ በ2022 ወደ አስታና ተመልሳለች። ትዕግሥት አሰፋ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በርሊን ላይ በ2:11:53 የያዘችው የሴቶች ማራቶን የዓለም ክብረ ወሰን በጥቅምት 2017 ቺካጎ ላይ ተሻሽሏል፤ ያን ዓመት የተዘጋጀ ጥያቄ ሁሉ በአንድ እሑድ ከሰረ። ክብረ ወሰን፣ ሹመት፣ የአባል አገሮች ብዛት፣ የከተማ ስም ያለበትን ካርድ «ሊለወጥ የሚችል» በሚል ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ከቀረጻው በፊት ባለው ቀን እንደገና አጣሩት። የተሻለው ደግሞ በጊዜ ማሰር ነው፤ «በመስከረም 2016 ዓ.ም. በርሊን ላይ የሴቶችን የማራቶን ክብረ ወሰን ያሻሻለችው…» ያለ ጥያቄ አያረጅም።

የሃይማኖት ትውፊት ያለባቸውን «በትውፊት» በሚል ቃል ጀምሩ። ጣና ቂርቆስ ታቦተ ጽዮን ያረፈችበት ነው ሲባል የሚጠየቀው ትውፊቱ ነው። ዐፄ ፋሲልን ጨምሮ የበርካታ ነገሥታት አጽም የሚገኝበት ገዳም ዳጋ እስጢፋኖስ መሆኑን ለመጠየቅ ግን «ይባላል» አያስፈልግም።

6. ካርዱ

ጥያቄው ያለ ካርድ ጥያቄ አይደለም። በደብተር የተጻፈ ዝርዝር ክርክር ሲነሳ አይረዳም። አንድ ካርድ ይህን ይመስላል፦

ቁጥር፦ 214
ዘርፍ፦ ታሪክ
ደረጃ፦ መካከለኛ
ጥያቄ፦ በደቅ ደሴት ላይ የሚገኘውን የናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት ማን ናቸው?
መልስ፦ እቴጌ ምንትዋብ
ተቀባይነት ያለው፦ ወለተ ጊዮርጊስ፤ ብርሃን ሞገሳ
የማይቀበሉት፦ «የኢያሱ እናት» ብቻ ካለ ስም ይጠየቅ፤ ዐፄ ኢያሱ፤ ዐፄ ፋሲል
ንባብ፦ ምንትዋብ
ምንጭ 1፣ ገጽ፤ ምንጭ 2፣ ገጽ
የተጣራበት ቀን፤ ያጣራው ሰው ፊርማ

«ተቀባይነት ያለው» የሚለው መሥመር ለእኛ ታሪክ ከሌላው ሁሉ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ የነገሥታቱ ስም አያልቅምና። ቴዎድሮስ ካሳም ናቸው፣ አባ ታጠቅም ናቸው። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ዮሐንስ 4ኛ አባ በዝብዝ፣ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅልም ተፈሪም። የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ በስማቸው የተጠራው ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አባ ኮስትር ናቸው። ተወዳዳሪው በፈረስ ስም ቢመልስ ያውቃል ማለት ነው፤ ዳኛው ግን ካርዱ ላይ ካላየው ይደናገራል።

የአገር ስምም አንድ መሥመር ይፈልጋል። መልሱ ዩናይትድ ኪንግደም ሆኖ ተወዳዳሪው «እንግሊዝ» ቢል ትቀበላላችሁ ወይስ አትቀበሉም? ይህ የሚወሰነው ካሜራው ፊት ሳይሆን ካርዱ ሲጻፍ ነው። የጽሑፍ መልስ ካለ ደግሞ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ ሁሉም እኩል እንደሚታዩ ደንቡ ላይ አስቀድማችሁ ጻፉ።

7. ምርጫዎች

በወረቀት ፈተና ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ለምደናል። በድምፅ ግን «ሀ» እና «ሐ» አንድ ናቸው። ተወዳዳሪው «ሐ» ሲል አንደኛውን ይሁን ሦስተኛውን ማን ያውቃል? «ሐመሩ ሐ» እያሉ ማስረዳት ሰዓት ይበላል። 1፣ 2፣ 3፣ 4 ይበቃል፤ ተወዳዳሪውም ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን መልሱንም እንዲናገር አስገድዱ። ሁለቱ ካልተስማሙ የሚያዘው የተናገረው መልስ ነው።

የተሳሳቱት ምርጫዎች ከትክክለኛው ጋር አንድ ዓይነት ይሁኑ። ወደ ጣና ከሚገቡት ወንዞች አንዱን ስትጠይቁ መልሱ ጉማራ ከሆነ ሌሎቹን ተከዜ፣ ባሮና አዋሽ አድርጉ፤ ርብን ወይም መገጭን ካስገባችሁ ሁለት ትክክለኛ መልስ ሰጣችሁ። ትክክለኛውን መልስ ከሌሎቹ አስረዝማችሁ አትጻፉ፤ ነቃ ያለ ተወዳዳሪ ጥያቄውን ሳያነብ ረጅሙን ይመርጣል። የመልሱ ቦታም ይዘዋወር። ጸሐፊዎች ሳያውቁት ወደ ቁጥር 3 ያዘነብላሉ፤ የ20ውን ጥያቄ መልስ ቆጥራችሁ እያንዳንዱ ቁጥር 5 ጊዜ መውጣቱን እዩ።

8. የሥዕል ጥያቄ

ሥዕሉን ራሳችሁ አንሱት፤ የባለቤትነት ጣጣ አይኖርበትም። ደንገል ታንኳ፣ አምባዛና ቆሮሶ ዓሣ፣ የእንቦጭ አበባ፣ የዘጌ ቡና፣ ሁሉም ቅርብ ናቸው። ጀልባ በጠዋት ተከራዩ፤ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ ነፋስ ስለሚነሳ ካሜራው ይንቀጠቀጣል፣ ማይክሮፎኑም ነፋስ ብቻ ይቀዳል። ከቡድኑ ውስጥ ሴት ባለሙያ ካለች ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት እንደማያስገቡ አስቀድማችሁ አስቡ፤ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግን ክፍት ነው። ፈቃድ በየገዳሙ ለየብቻ ይጠየቃል።

ጢስ ዓባይን ስታነሱ ወሩን አስተውሉ። ፏፏቴው በክረምት መጨረሻ ገደሉን ሞልቶ ይወርዳል፤ በበጋ፣ በተለይም ውኃው ወደ ኃይል ማመንጫው ሲዞር፣ ይሳሳል። በበጋ የተነሳውን አሳይታችሁ «ይህ ምንድን ነው?» ካላችሁ በድሮው የ1 ብር ኖት ጀርባ ፏፏቴውን እያየ ያደገ ሰው እንኳ ላያውቀው ይችላል። ምስሉ ስም የተጻፈበት ታፔላ እንዳይኖረው በትልቅ ስክሪን ፈትሹት፤ በስልክ የማይታይ ጽሑፍ እዚያ ይነበባል።

9. ደረጃውን በሰው ለኩ

ለጸሐፊው የሚቀለው ሁሉ ለተወዳዳሪው አይቀልም። ከዝግጅት ክፍሉ ውጭ 10 ሰው ምረጡ፤ ሁለት ሦስቱ ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ከፔዳና ከፖሊ ተማሪዎች፣ ሌሎቹ መምህር፣ ነጋዴ፣ የባጃጅ ሾፌር። ጽሑፉን ሳትሰጡ በቃል ጠይቋቸው። 8ና ከዚያ በላይ ከመለሱት ቀላል፣ ከ4 እስከ 7 መካከለኛ፣ ከ1 እስከ 3 ከባድ ነው። ማንም ያልመለሰውን ጣሉት፤ ተመልካቹም ዝም ብሎ የሚያይ ጥያቄ ቴሌቪዥን ላይ የሞተ ሰዓት ነው።

ከውጤቱ የበለጠ የሚጠቅመው የተሳሳተው መልሳቸው ነው። ሦስት ሰው ተመሳሳይ ስሕተት ከመለሰ ወይ ጥያቄያችሁ ሁለት መንገድ አለው፣ ወይ ግሩም የምርጫ ማሳሳቻ አግኝታችኋል።

ባሕር ዳር ሁሉም የሚተዋወቅባት ከተማ ናት፤ ጥያቄ ይወጣል። ሞካሪዎቹ ተወዳዳሪ ወይም የተወዳዳሪ ቤተሰብ እንዳይሆኑ አስፈርሙ፣ የሙከራውን ጥያቄ ከበርካታ ሳምንታት ደባልቁ። የዕለቱ 91 ካርድ የሚመረጠው በቀረጻው ዋዜማ በሁለት ሰው ነው፤ በፊርማ ታሽጎ የሚከፈተውም ዳኛው ፊት ነው። በቴሌግራም ፋይል መላላክ ክልክል ይሁን።

10. የቀረጻው ቀን

አቅራቢው ካርዶቹን ከአንድ ሰዓት በፊት ብቻውን ጮክ ብሎ ያንብብ። ፊደላችን ጥብቀትን አያሳይም፤ «የኦሎምፒክ ዋና ውድድር» ሲነበብ «ና» ከጠበቀ ዋነኛው ውድድር፣ ከላላ የውኃ ዋና ነው። «ሰፊ»ም ልብስ ሰፊ ሊሆን ይችላል። የሚጠብቀው ፊደል ላይ ሁለት ነጥብ አድርጉበት። የውጭ ስም በአማርኛ እንደሚነበበው ይጻፍ።

የደወል ቁልፎቹን እያንዳንዳቸውን 20 ጊዜ ተጫኑ፤ ሁለት ሰው እኩል ሲጫን አንዱን ብቻ መያዙን በተለያየ ጥንድ ሞክሩ። የየወንበሩ ድምፅ ይለያይ፣ አቅራቢው መብራቱን ሳያይ ማን እንደጫነ ይለይ። ሲስተሙን በባትሪ አስሩት፤ መብራት ሄዶ ጀነሬተር እስኪነሳ ድረስ ነጥብ የጠፋበት ውድድር ደግሞ መጀመር አለበት። ነጥቡ ከኮምፒውተሩ ሌላ በወረቀትም ይያዝ።

የሰዓት ቆጠራው የሚጀምረው የመጨረሻው ቃል ተነቦ ሲያልቅ ነው። በደወል ዙር ተወዳዳሪው ከተጫነ ንባቡ እዚያው ይቆማል፣ በ5 ሴኮንድ ይመልሳል፤ ከሳተ ለቀሩት ጥያቄው ከመጀመሪያው ይነበባል። የሚያዘው መጀመሪያ የወጣው መልስ ነው። «ጎንደር… አይ፣ ላሊበላ» ያለ ሰው ጎንደር ብሏል።

11. ክርክር ሲነሳ

አቅራቢው አይከራከር። «ለዳኛው» ብሎ ሰዓቱን ያቁም፤ ካሜራው ይቀጥል። ዳኛው ካርዱን ያያል፤ መልሱ ተቀባይነት ባለው መሥመር ካለ ነጥብ ይሰጣል። ካርዱ ዝም ካለና የተወዳዳሪው መልስ ሊያስኬድ ከቻለ ጥያቄው ይሰረዝ፣ ለዚያው ሰው ከ10ሩ መጠባበቂያ በተመሳሳይ ደረጃ አንድ ይነበብለት። ለግማሽ ትክክል ግማሽ ነጥብ መስጠት አይመከርም፤ አንዴ ከተጀመረ ማቆሚያ የለውም።

ስሕተቱ ከቀረጻ በኋላ፣ ከሥርጭት በፊት ከተገኘ ውጤቱን ይቀይር እንደሆነ አስሉ። ካልቀየረ ያን ጥያቄ ቁረጡት፤ ከቀየረ ሁለቱንም ተወዳዳሪዎች ጠርታችሁ የመለያ ጥያቄውን እንደገና ቅረጹ። ከተሠራጨ በኋላ ከሆነ በሚቀጥለው ሳምንት መክፈቻ ላይ ትክክለኛውን መልስ አንብቡ። ካርዱ ላይ በቀይ ስሕተቱንና ቀኑን ጽፋችሁ ለብቻው ሣጥን ውስጥ አኑሩት፤ አዲስ ጸሐፊ ሲቀጠር መጀመሪያ የሚያነበው ያን ሣጥን ይሁን።